ያልጸለይኩት ዘጠኝ ቀን

እኛ ዘጠኝ ነን፤ ስድስት ሴት፣ ሦስት ወንድ። እናቴ ልጆቿን በጣቷ ስትቆጥር ሁልጊዜ አንድ ይጎድልባታል፤ የሚጎድለውም የመጨረሻዋ ነው። «ውይ፣ ምራቂን ረሳኋት» ትላለች። ምራቂ ያላት አባታችን ነው። እናቴ መውለድ አቆምኩ ባለች በአምስተኛው ዓመት ስለመጣች፣ ሻጭ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ከላይ ጣል እንደሚያደርጋት ነገር መሆኗ ነው። ስሙ እንደወጣ ቀረ። እኔ ሦስተኛ ነኝ። ምራቂ ስትወለድ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ያዘልኳትም፣ ያጠብኳትም፣ ፊደል ያስቆጠርኳትም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ልመሰገንበት አይደለም። ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁት ነው።

ካቶሊክ ቤት ልጅ መብዛቱ አያስገርምም። የኛን ቤት ለየት የሚያደርገው የእሑድ ምሳ ነው። አባታችን አናጢ ነበርና አሥራ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ረጅም ጠረጴዛ በእጁ ሠርቶ አንድ ሕግ አወጣበት፤ ከቅዳሴ መልስ ማንኪያ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ በተወለደበት ተራ ስለ አንድ ነገር ያመሰግናል። እሮሮ ክልክል ነው። ልጆች ሳለን ቀላል ነበር። ፈተና አለፍኩ፣ ጉንፋኔ ለቀቀኝ፣ ተመስገን። አባታችን ሞተ፤ ሕጉ ግን አልሞተም። እናቴ ከእሱ የባሰች ጠባቂ ሆነች።

ችግሩ የመጣው ካገባን በኋላ ነው። በባሏ የተበደለች ሴት ልጅ ወደ እናቷ ጠረጴዛ ስትመጣ ስለ ምን ታመስግን? አምስተኛዋ እህቴ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጣሪያዋ አመሰገነች። «ጣሪያዬ አያፈስም፣ ተመስገን።» ክረምት ከበጋ። ስለ ባሏ አንድ ቀን አላነሳችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ የኛ ቤት ጥበብ ይኸው ነበር።

የኔ ባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ይጠጣል። ሲጠጣ እጁ አያርፍም። ከስምንት ዓመት በፊት ከንፈሬ አብጦ ሁለት እሑድ ከምሳ ቀረሁ። እናቴ ነገሩ ገብቷታል መሰለኝ፣ የቅድስት ሪታን ሥዕል ከዘጠኝ ቀን ጸሎት መጽሐፍ ጋር በነርሷ ላከችልኝ፤ ግንባሯ ላይ ቁስል ያለባትን፣ ክፉ ባል የቻለችውን ቅድስት። ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን ከስፌት መኪናዬ ላይ እንደተደፋሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግሥቱ ረሳሁት። ጸሎቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ አይበልጥም።

ባሌ ግን በዚያው ሰሞን መጠጥ አቆመ። ጨጓራው ደምቶ ሐኪም አስፈራርቶት ነው። በሦስተኛው እሑድ ምሳ ላይ ስቀርብ እናቴ ከንፈሬን አየችና ዓይኗን ሰበረች። ተራዬ ሲደርስ ምን ይዞኝ እንደሆነ አላውቅም፣ «ዘጠኙን ቀን ጸለይኩ፤ በዘጠነኛው ቀን ባሌ ጠርሙሱን በገዛ እጁ ደፋው» አልኩ። እናቴ ከወንበሯ ተነስታ፣ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንንም ስማ አታውቅም ነበር። ለዚያች መሳም ብዬ ነው የዋሸሁት ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል፤ መሳሙ የመጣው ከውሸቱ በኋላ ነው። ቃሌን ያልመለስኩት ግን ለመሳሙ ብዬ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የቁምስናው የእናቶች ማኅበር ጠርቶ አስመሰከረኝ። አራት ጊዜ ተናገርኩ። በመጀመሪያው ባሌ ጠርሙሱን ብቻ ነበር የደፋው። በሁለተኛው አለቀሰ። በአራተኛው ተንበርክኮ ነበር። ሳላስበው በጎ ሰው አደረግኩት፤ እሱ በዚያን ጊዜ ሦስት ሳምንቱን ጨርሶ ወደ ጠርሙሱ ተመልሷል።

ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ጭነት ይዞ ወጣና አልተመለሰም። ወደብ ያለበት ከተማ ሌላ ሴት፣ ሌላ ልጅ አለው። ለቤተሰቡ «መንገድ ላይ ነው» አልኩ። ሾፌር አይደል፣ መንገድ ላይ መሆኑ ማንን ይገርማል? ጃኬቱን ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩ። ጫማውን በየሳምንቱ እጠርጋለሁ። ቤቴ ጸጥ አለ። ምራቂ መጥታ ወንበር ላይ ትቀመጥና «እትዬ፣ ቤትሽ እንዴት ሰላም አለው» ትላለች። ሰላሙ ሰውየው ስለሌለ መሆኑን ልነግራት አፌን ከፍቼ፣ ሻይ ልጨምርልሽ እላታለሁ።

ምራቂ ያገባችው የሒሳብ መምህር ነው። የሚናቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለእናቴ ሬዲዮ የባትሪ ድንጋይ ሳያመጣ አይመጣም። የምራቂን ቦርሳ እሱ ነው የሚይዝላት። ገበታ ላይ በትሕትና «ይህችን ልጅ ስለሰጣችሁኝ» ብሎ ያመሰግናል፤ እናቴም «አሜን» ትላለች። ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ነው። ይህን ከነርሷና ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ምራቂ የልብስ ስፌት ሱቄ መጣች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ወለሉ ላይ መርገጫ የለም፤ የሽንሽን ቀሚስ ክምር፣ የኮሌታ ክምር፣ ካውያው ግሎ። ሻርፗን በግራ በኩል ዝቅ አድርጋ አስራለች። ሳዋራት ቀኝ ጆሮዋን ታዞርልኛለች።

«ግራው አይሰማኝም» አለች። «ጠረጴዛውን ልወለውል ብዬ የክረምት ተማሪዎቹን የፈተና ወረቀቶች አነሳኋቸው። በቁጥር ደርድሯቸው ነበር።»

«ሐኪም አየሽ?»

«ነርሷ ታየኛለች። ለሱ አይደለም የመጣሁት።» ክምሩን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ትናንት ሃያ ሦስተኛዬን ጨረስኩ። ዘጠኝ ዘጠኝ ቀን፣ ሃያ ሦስት ጊዜ። አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ልጄን ሳስታምም እንኳ አላቋረጥኩም። የኔ የማይሰማው ለምንድን ነው? ያንቺ በአንዴ ነው የተሰማው። አንቺ ያደረግሽው፣ እኔ ያልጨመርኩት ነገር አለ። ንገሪኝ።»

ጠመኔ ይዤ ነበር። እስካሁን ቀሚስ ላይ መስመር እያሰመርኩ የነበርኩ ሴት፣ የት ጋ እንደደረስኩ ጠፋኝ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ምንም አልጸለይኩም፣ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሰውየው የለም። ሦስት ቃል ነው። ግን ከዚያ በኋላ እናቴ አለች፣ ማኅበሩ አለ፣ አራት ጊዜ ያንበረከክኩት ባል አለ። ፈሪ ነኝ። ፈሪ ደግሞ ዝም ብሎ አያበቃም።

«በሰባተኛው ቀን ጾመሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ጾም?»

«እኔ በሰባተኛው ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር። ነግሬሽ የለም እንዴ?»

ፊቷ በራ። ሌላ ቃል የለኝም፣ በራ። «አየሽ፣ አልነገርሽኝም» አለች፣ እንደ ልጅነቷ ትከሻዬን መታ አድርጋ። «ነገ እጀምራለሁ። የሚቀጥለው ሐሙስ ዘጠነኛዬ ነው።» ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። እኔም ከበስተኋላዋ አልጠራኋትም። የዚያን ቀን አሥራ ሁለት ቀሚስ ሽንሽኑን አጣምሜ ሰፋሁ፤ ሁሉንም ፈታሁት።

ቅዳሜ ነርሷ ከሥራ መልስ መጣች። ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም። አልተቀመጠችም።

«ታምቡሯ ተቀዷል» አለች። «ጥፊው ትንሽ ወደ ኋላ ቢያርፍ ኖሮ የማወራሽ ስለ ጆሮ አልነበረም። የሚቀጥለው ጆሮ ላይ አያርፍም፤ እንዲህ ሆነው የሚመጡትን በየሳምንቱ እቀበላለሁ፣ የመጨረሻቸውንም አውቃለሁ። ‹ልጅሽን ይዘሽ እኔ ጋ ነይ፣ ከማከራየው አንድ ክፍል አስለቅቅልሻለሁ› አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እስከ ሐሙስ ታገሺኝ፤ እትዬ በሰባተኛው ቀን መጾም እንዳለብኝ ነግራኛለች።›»

መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያዝኩ። አልገባ አለኝ።

«ጾመሽ ነበር?» አለች።

ክሩን በምራቄ አርጥቤ እንደገና ሞከርኩ።

«እኔ የማውቀው ባልሽ የጨጓራ መድኃኒት ሲወስድ እንደነበረ ነው። ማዘዣውን ይዤ ያስወጣሁለት እኔ ነኝ።»

መርፌውን አስቀመጥኩ። «ስምንት ዓመት ሙሉ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ስለ ጣሪያዬ ለምን ዝም አልሽ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ነገ ምሳ ላይ ይመጣሉ፣ ባሏም እሷም። አምስተኛ ቀኗ ነው። እኔ ብነግራት ቅናት ነው የሚመስላት። ከአንቺ አፍ የወጣውን ከአንቺ አፍ ካልሆነ አትሰማም።»

እሑድ ቅዳሴ ላይ አልቆረብኩም። እናቴ አይታኛለች፤ ከበስተኋላዋ ዓይን አላት።

ምሳ ላይ ስምንት ነበርን። እናቴ ራስጌ፤ ከጎኗ የመጀመሪያ ልጇ፣ ካህኑ ወንድማችን። እናቴ ጡት ያጠባችውን ልጅ «አባ» እያለች አንቱ ትለዋለች፤ እሱም ለምዶታል። ከዚያ እኔ፣ ነርሷ፣ ሁለት ወንድሞቼ፣ ምራቂና መምህሩ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። ሾርባው ቀርቧል። መምህሩ የምራቂን ናፕኪን አጥፎ ጎኗ አኖረላት።

አባ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ቀለም አመሰገነ። ሁለተኛዋ ሩቅ አገር ስላለች እናቴ ስለ እሷ አመሰገነች። ተራው የኔ ሆነ።

«እኔ ዛሬ የማመሰግንበት የለኝም» አልኩ።

እናቴ ማንኪያዋን አስተካከለች። «አንድ ነገር አይጠፋም» አለች።

«የለም። ያ ዘጠኝ ቀን የሚባለውን አልጸለይኩትም። በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። ጾሙንም ማክሰኞ ለታ ነው የፈጠርኩት። ባሌ ያቆመው ጨጓራው ደምቶ ነው፤ እሱም ለሦስት ሳምንት። አራት ዓመት ሆነው ቤቴ ከገባ። ሌላ ቤት፣ ሌላ ልጅ አለው። መንገድ ላይ አይደለም።» ይህን ሁሉ ያልኩት ሾርባዬን እያየሁ ነው። ከዚያ ቀና ብዬ ምራቂን አየኋት። «ሰላም አለው የምትይው ቤት ባዶ ነው። የሚሰማ ጸሎት ደብቄ ከልክዬሽ አይደለም። ይህ ሰውዬ በሐሙስም አይለወጥም። ይገድልሻል።»

ቀኝ ጆሮዋን ወደኔ እንዳዞረች ቀረች።

መጀመሪያ የተናገረው መምህሩ ነው፣ በለስላሳ አንደበቱ። «እትዬ ሰሞኑን ሥራ በዝቶባቸው ደክሟቸዋል» አለ። አባ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «እንዲህ ያለው ነገር ለንስሐ እንጂ ለገበታ…» ብሎ ሳይጨርስ ተወው። እኔ የምጠብቀው የእናቴን ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ወይ ታስወጣኛለች።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

«ምኑን?»

«ሌላ ቤት እንዳለው። ጎረቤትሽ ከነገረችኝ ሦስት ዓመቷ ነው።» ዳቦ ቆርሳ ለአባ አቀበለችው። «ታዲያ ምን ላድርግ? በዚያ ወሬ ስንቱ ቤት ቆመ። ማኅበር ውስጥ ቁጭ ብለው እያለቀሱ የሰሙሽ ሴቶች ወደየቤታቸው ገብተው ቻሉት። ውሸት ነበር ብዬ ማንን ልጥቀም? ብሉ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ሦስት ዓመት ጃኬት የሰቀልኩት፣ ጫማ የጠረግኩት፣ ለሚያውቅ ሰው ኖሯል።

ምራቂ ወደ እናታችን ዞረች። «እማዬ፣ ባለፈው ወር ጥርሴን በመሐረብ ይዤ የመጣሁ ቀን፣ ‹እህትሽን እያት፣ እሷም ችላ ነው› ያልሽኝ እያወቅሽ ነው?»

«ቤትሽን እንድትይዢ ብዬ ነው፣ ልጄ። እኔስ እንዴት የኖርኩ መሰለሽ? ዘጠኝ ልጅ በፍቅር ብቻ ይወለዳል?»

ያን ያህል ዓመት አባቴ በሠራው ጠረጴዛ ላይ ስለ አባታችን አንድ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ አሁንም የወጣው ያ ብቻ ነው። አባ ዳቦውን ይዞ ቀረ። የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ እኛ ያላየነውን አይቶ ይሆናል።

መምህሩ ተነሳ። «እኛ እንሂድ» ብሎ ቦርሳዋን አነሳ፣ በሌላ እጁ ክንዷን ከክርኗ በላይ ያዘ። ሌላ ሰው ቢያየው ሚስቱን ሊደግፍ ነው ይላል። ምራቂ ግን ፊቷ ተጨማደደ፤ የያዘበት ቦታ ሳያምማት አልቀረም።

«አልሄድም» አለች።

«ቤት እንነጋገራለን።»

«አልሄድም አልኩ።» ክንዷን ነጥቃ በጓሮ በር ወጣች፤ ልጇን ከልጆቹ መሐል ይዛ ወደ ውጭው በር ስትሄድ በመስኮት አየናት። መምህሩ ሊከተላት ሲል ነርሷ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። እሱም በጨዋ ደንብ «ፈቀቅ በይልኝ» አላት። አልተነቃነቀችም። ያኔ ነው አባ ወንበሩን ገፍቶ የተነሳው። «ቁጭ በል» አለው። ወንድሜን በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መምህሩ ቁጭ አለ። ቦርሳዋ ጉልበቱ ላይ ነበር።

እናቴ ከንፈሯን ነክሳ የሁላችንንም ሾርባ ወደ ድስቱ መለሰች። ስወጣ ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አታነሳልኝም።

ምራቂ ወደኔ ቤት መጣች። ወንድ የሌለበት ቤት የኔ ብቻ ነው፤ የነርሷ ክፍል ገና አልተለቀቀም። ስገባ ልጇን አልጋዬ ላይ አስቀምጣ፣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጃኬት እያየች ነበር። አወረደችውና ኪሱን ዳሰሰች። ባዶ ነው። አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው። ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። እኔ መቼም መሞኘት አይሰለቸኝም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላናገረችኝም። የምትፈልገውን በልጇ በኩል ትልካለች። «ለእትዬ ሳሙና አልቋል በያት።» ልጅቷ አምስት ዓመቷ ናት፤ ጨዋታ መስሏት እየሮጠች ታመጣልኛለች፣ እኔም መልሴን ይዛ ትሮጣለች። ክፍሉ አንድ ነው። አልጋውን ለቀቅኩላቸው። መምህሩ በየቀኑ ከሥራ መልስ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል፣ ቦርሳዋን ይዞ። አይጮህም፣ አያንኳኳም። ጎረቤቶቼ «እንዴት ያለ ታጋሽ ባል ነው» ይላሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሰኞ ቁርስ ላይ ልጅቷ እጇን አጣምራ ጠበቀች፤ እንደለመደችው ዳቦው እንዲባረክ። ምራቂ ዳቦውን ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተችላት። «ብዪ» አለቻት። ልጅቷ እያኘከች እናቷን አየቻት፣ ከዚያ እኔን። ሃያ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ቀን የጸለየችው ምራቂ፣ ከዚያ በኋላ እጇን ስታማትብ አላየኋትም። ባሏ በስድስት ዓመት ያልነጠቃትን እኔ በአንድ ምሳ ነጠቅኳት።

ሐሙስ ከሱቅ ቀደም ብዬ ገባሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ምራቂ የልጇን ልብስ በላስቲክ ቦርሳ እያስገባች ነበር። ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። ለማኅበሩ ያንን ሁሉ ስተርክ ባሌን ያንበረከክኩት እኔ፣ እግሯ ሥር ሆኜ ምን እንደምል ጠፋኝ።

«ምራቂዬ፣ በድዬሻለሁ» አልኳት። «ምቺኝ፣ ስደቢኝ፣ ዝም ግን አትበይኝ። የመታሽ እሱ ነው፤ እኔን እንደሱ አትቁጠሪኝ።»

እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። ለአራት ቀን ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ፤ ንዴት እንኳ የለበትም።

«እሱ እኮ አንድም ቀን እተዋለሁ ብሎኝ አያውቅም» አለች። «በመታኝ ቁጥር ‹ነገም እደግምሻለሁ› ነው የሚለኝ፣ ይደግመኛልም። ለመሄድ ሁለት ጊዜ ልብስ አስሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አንቺን አስቤ ፈታሁት።»

የላስቲኩን ጫፍ ቋጠረችው።

«ነርሷ ክፍሉን አስለቅቃልኛለች» አለችና ልጅቷን እጇን ልታስታጥባት ይዛት ወጣች።